ያላነበብሁላት መስመር

በንጉሡ ጊዜ የጭቃ ሹሙ ጸሐፊ የግብር ወረቀት ሲያነብልኝ ደስ ያለውን እያነበበ ያልፈለገውን ይዘል እንደነበር ያወቅሁት አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። አብዮቱ መጥቶ መሬት ለአራሹ ከተባለ በኋላ ትምህርትም ለሁሉ ተባለ። ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት መንገድ ባለችው ቀበሌያችን የባላባቱን ጎተራ ጠርገው ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉበት። የቀረ ይቀጣል ስላሉ ሄድሁ። ፊደሉ ሲገባኝ ግን ደስ አላለኝም፤ ስንት ዓመት ሲያታልሉኝ እንደኖሩ ነው የገባኝ። ማንበብ የለመድሁት በንዴት ነው። ሌላው ሰው በምን እንደለመደ አላውቅም።

ሚስቴ አልተማረችም። የሴቶቹ ሰዓት እሷ ውኃ ከምትወርድበት ሰዓት ጋር እየገጠመ ሁለት ቀን ገብታ ተወችው። አንተ ካነበብህልኝ ይበቃኛል አለችኝ። ወንዶቹ በዚህ ይቀኑብኝ ነበር፤ የእነሱ ሚስቶች አንደኛ እየወጡ ባሎቻቸውን ያሳጧቸው ነበር።

ግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ያገኘችው ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ ደበቀችኝ። ስትነግረኝም ጸበል ወሰድኋት፤ አንድ ባለመድኃኒት ቅጠል ለጥፎ ቆዳዋን አቃጠለው። አዲስ አበባ ወታደር የነበረ ወንድሟ ለፈቃድ ሲመጣ አይቶ ሰደበኝ። ልክ ነበር። በእህል መኪና ጀርባ ተጭነን በወረኢሉ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጣን።

ሆስፒታል ጡቷን ቆረጡት። ነቀርሳ ነው አሉን። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሐኪሙ፣ የውጭ አገር ሰው ነው፣ በአስተርጓሚ አስጠርቶኝ ሌላም የሚወጣ ነገር አለ አለኝ። ይህ በሽታ የሴት ገላ የሚሠራውን ሆርሞን የሚባል ነገር እየተመገበ ያድጋል፤ እሱን የሚሠራው እንቁልጢዋ፣ የልጅ ዘር የምታፈራበት ነገር፣ ስለሆነ እሱም ይውጣ አለ። ልጆቻችን ሁለቱም በኩፍኝ ካለቁብን ቆይቷል። ያኔ የቀረን ተስፋ ካለ እሱም አብሮ መውጣቱ ነው። ፈረምሁ። በጣቴ ሳይሆን በስሜ ፈረምሁ፤ በዚህም እንደ ሞኝ ኮራሁ።

ስንወጣ ነርሷ በእንግሊዝኛ የተተየበ ወረቀት ሰጠችኝና ጀርባው ላይ በአማርኛ ጻፈችበት። ማንበብ ይችላሉ ወይ አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ እችላለሁ አልኋት። እንግዲያው ለእሷም ያንብቡላት አለችኝ።

የመኪናው ጀርባ ላይ፣ ጆንያ እንደተደገፈች፣ አነበብሁላት። ጡቷና እንቁልጢዋ መውጣቱን፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብ፣ መቼ ተመልሳ እንደምትታይ አነበብሁላት። የመጨረሻውን መስመር ዘለልሁት። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ "የሴት ሆርሞን ያለበት ክኒን፣ የወሊድ መከላከያውም ጭምር፣ የቆመውን የወር አበባ ሊመልስ ቢችልም በሽታውንም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ፈጽሞ እንዳትወስድ።" በእኛ በቦረና ምድር የሴት ክኒን ማን አየ፣ ለምን ላስደነግጣት ብዬ ነው። ለራሴ የነገርሁት እንደዚያ ነው።

አገር ቤት ስንገባ የወር አበባዋ ቆሞ ቀርቷል። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቄሰ ገበዙ ይህን ሲሰማ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። በእኛ በማርያም ደብር የቁርባኑን ስንዴ፣ መገበሪያ የምንለውን፣ የምትፈጨው የወር አበባዋ የቆመ ሴት ናት። ስትፈጭ የኖረችው መነኩሲት በዚያው ሰሞን አርፋ ነበር። ለሌላ ሴት ይህ በእርጅና የሚመጣ ክብር ነው፤ ለሚስቴ በቢላ መጣላት። እሷ ግን አለቀሰችና ተቀበለች። ለየት ያለ ወፍጮ ተሰጣት፤ ሌላ እህል አይፈጭበትም፣ መጁን ሌላ ሰው አይነካውም።

ከክብሩ ጋር እሳቱም መጣ። ከእግሯ ተነስቶ ደረቷን አልፎ አንገቷ ላይ ይወጣል። ፊቷ እንደ በርበሬ ይቀላና ላቧ ቀሚሷን ያረጥበዋል፤ ወዲያው ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ውርጭ ላይ ወጥታ ቆማ አገኛታለሁ። የጎረቤታችን ሚስት ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችላት። ሌላዋ የቆላ ወባ ነው አለች፤ ሚስቴ ግን ቆላ ወርዳ አታውቅም። እንቅልፍ አጣች፣ አጥንቷን ቆረጠማት፣ የነገርኋት ሁሉ ያስቆጣት ጀመር። ገላዋም ደረቀ። ባጠገቧ ስተኛ ትሸሻለች፤ ያማታል። ይህን መጻፍ ነውር ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይበል። ያለዚህ ነገሩ አይገባም፤ ያደረግሁትን ያደረግሁት ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለምና።

መካነ ሰላም ክሊኒክ አንድ ወጣት ጤና ረዳት ነበረ፣ የወረኢሉ እስላም፣ ትሑት ሰው። በገበያ ቀን ሄጄ ነገርሁት። አብሽር ጋሼ አለኝ። እንቁልጢዋ ከወጣ ገላዋ ያንን ሆርሞን መሥራት አቁሟል፣ እሳቱም ድርቀቱም ከዚያ ነው፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያው ነገር ስላለ የጎደለውን ይተካላታል፣ ለእንዲህ ያለ ሴት ብዙ ቦታ ይሰጣል አለ። ከዚያ ቆም አለና ለምን እንደወጣላት ጠየቀኝ። እብጠት ነበረባት አልሁት።

"ከሆስፒታሉ የሰጧችሁ ወረቀት የለም?"

"የለም።"

ወረቀቱ በካቦርቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ክኒኑ ሠራ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እሳቱ ጋብ አለ። ተኛች። አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ከማሳዬ ሰማኋት፤ ሞፈሬን ይዤ ቆሜ ሰማሁ። አጠገቧ ስተኛም አልሸሸችም። ስሙን ሳታውቀው እሳት ማጥፊያው ትለው ነበር። የመጀመሪያው እሽግ ሲያልቅ ግን የወር አበባዋ መጣ። ደነገጠች፤ ጤና ረዳቱ ከክኒኑ ነው፣ ልማዱ ነው አላት። እኔ ደግሞ ሌላ መስመር በራሴ ውስጥ ሲነበብ ሰማሁ። ግማሹ ደረሰ አልሁ። ሌላው ግማሽስ? ሁለተኛውን እሽግ አመጣሁላት።

እሷ በሃይማኖቷ ቀልድ አታውቅም። ያደፈች ሴት የመገበሪያ መጅ አትነካም። ደሙ በመጣ ቁጥር ወፍጮውን ትታ ለቄሰ ገበዙ አሞኛል ትለዋለች፤ እሑድም ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ጽድ ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ይህ ሁሉ በሰላም ዘመን ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር።

በልጉ ቀረ። ክረምቱ ሁለት ሳምንት ዘንቦ ተወ። ገብሱ ሳይታጨድ ከብት ገባበት፣ ከዚያ ከብቱ አለቀ። በዚያ ዓመት የሆነውን ሌላ ሰው ጽፎታል፣ እኔ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው። ሰው ሲርበው መጀመሪያ ጨዋታ ያቆማል። ቀጥሎ የሴቶቹ የወር አበባ ይቆማል። ይህን ወንዶች አናውቅም ነበር፤ ሴቶቹ ግን አንዷ ከሌላዋ እየሰሙ ያውቃሉ። የሃያ ዓመት ሙሽሮች እንደ አሮጊት ደረቁ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ጽዱ ሥር፣ ድሮ በየእሑዱ አሥርም አሥራ አምስትም ሴት ይቆም የነበረበት ቦታ ባዶ ቀረ።

ሚስቴ ብቻዋን ቆመች።

አንድ እሑድ። ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ እሑድ። ቅዳሴ ውስጥ ሆኜ ሴቶቹ ዘወር እያሉ በበሩ ሲያዩአት አየሁ። ደም የሚወርዳት እየበላች ነው፤ እንደዚያ ነው ያሰቡት። እንደዚያ ማሰባቸው አይፈረድባቸውም። እኔም ብሆን አስባለሁ። እሷ ደግሞ የመገበሪያው ስንዴ በእጇ ያለ ብቸኛ ሴት ናት።

የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል መካነ ሰላም በተሰለፍንበት ቀን የጎረቤታችን ሚስት፣ ዳማከሴውን ያሸችላት ያችው ሴት፣ ከሚስቴ ኋላ ሆና፣ "እቴ፣ አንቺ ምን ያሰልፍሻል? ደም የሚተርፈው ቤት ምን ጎድሎት?" አለቻት። አጠገቧ ያለችው ደግሞ የማርያም ስንዴ ይጣፍጣል ይባላል፣ እስኪ ንገሪን አለች። ሰው ሳቀ። የራበው ሰው ሲስቅ ድምፁ ሌላ ነው። ሚስቴ ወደ መሬት እያየች ተራዋን ጠበቀች፤ ስንዴውን ተቀብላ በነጠላዋ ሸፍና ስትሄድ ይህንንም የሌባ አያያዝ ነው አሉት።

የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃዎች መጥተው ቤታችንን ፈተሹ። የጉድጓድ እህል ፍለጋ ወለሉን በብረት እየወጉ ምድጃችንን ሳይቀር ቆፈሩት። ምንም አላገኙም። ያላገኙት ተደብቆ ነው አሉ እንጂ የለም አላሉም። ሊቀመንበሩ ለሰፈራ ሰው ሲመዘገብ ሌቦች ይቀድማሉ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ጠራን። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ደጅ ላይ ደግሞ መቆም የቻለ ሁሉ ቆሟል። ቄሰ ገበዙ በዚያ ሳምንት ሁለት የልጅ ልጆቹን ቀብሯል። ድምፁ ከሆዱ ሳይሆን ከጥርሱ ነበር የሚወጣው።

"ልጄ" አላት፣ "በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ። የራበው መብላቱ ይገባኛል። ግን ሕዝቡ የሚቆርበው ከዚያ ስንዴ ነው፤ ነክተሽው እንደሆን ልወቀው።"

"አልበላሁም አባ።"

"ታዲያ ደሙ ከምን መጣ?"

እሷ እኔን አየች። መልሱ ከእኔ ዘንድ መሆኑን ታውቃለች፤ ክኒኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተነሳሁና ክኒን ትወስዳለች፣ ከበሽታዋ የተነሳ ነው፣ ደሙን ያመጣው እሱ ነው አልሁ። አንድ ሽማግሌ፣ ክኒን ደም የሚሠራ ከሆነ ለእኛም ይታዘዝልን አለ። ደጅ ያለው ሰው አጉረመረመ። የሴት ደም በክኒን ሲመጣ ማን ሰምቶ።

ቄሰ ገበዙ እጁን አነሳ። "አንተ ፊደል ቆጥሬአለሁ የምትል ሰው ነህ። የተጻፈ ነገር የላችሁም?"

አለን ካልሁ ያ መስመር ይነበባል። እሷን ነፃ የሚያወጣት እሱ ብቻ ነው፤ የወር አበባ ይመልሳል የሚለው እዚያ እንጂ ሌላ የትም አልተጻፈም። ለእሷ ያልነገርኋትም እሱ ነው። መስመሩን ግማሽ ላይ አቁሜ ባነበው ብዬ አሰብሁ። አሰብሁ እንጂ ዲያቆኑ አጠገቤ ቆሟል፣ ወረቀቱን ተቀብሎ እንደሚያይ አውቃለሁ። ከኪሴ አወጣሁት። እጥፉ ላይ ተበልቶ ነበር። ጮክ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። በሽታውንም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ፈጽሞ እንዳትወስድ። አንድም ቃል አልዘለልሁም። ዲያቆኑ ተቀብሎ ደገመውና ልክ ነው አለ።

ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብሎ ይቅር በይን አላት፤ ሽማግሌዎቹም እንዲሁ። ጎረቤታችን ከደጅ ሆና እኔ አፈር ልብላ አለች። ሚስቴ አንዳቸውንም አልሰማችም። እኔን ነበር የምታየው።

"ድገምልኝ።"

ደገምሁላት።

"መቼ ነው ይሄ የተጻፈ?"

"ሆስፒታል። የወጣን ዕለት።"

"መኪናው ላይ ስታነብልኝ ነበረ?"

"ነበረ።"

"ክኒኑን ስታመጣልኝስ?"

"ነበረ።"

ወረቀቱን ከዲያቆኑ እጅ ወሰደችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ቤት አልሄደችም። በቀጥታ ወደ መካነ ሰላም አቀናች፣ በዚያ ጉልበቷ። ሃያ እርምጃ ያህል ወደኋላ ሆኜ ተከተልኋት። ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። እንድቀርባት አልፈቀደችም፣ እንድመለስም አላለችኝም። መንገዱ ላይ የወደቀ ሰው ስናልፍ ድሮ እንቆም እንደነበረው አልቆምንም።

ጤና ረዳቱ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። ወረቀት የለም ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ አለኝ። ወረቀቱን ለእሷ መለሰላት። እሷ ግን ጥያቄ ነበራት።

"ስምንት ወር ውጬዋለሁ። ተቀስቅሶ ይሆን?"

"አላውቅም እቴ። ወላሂ አላውቅም። ማንም አያውቅልሽም።"

"ብተወውስ?"

"ብትተዪው ይሻላል። እኔም ከእንግዲህ አልሰጥሽም። እሳቱ ግን ይመለስብሻል።"

"እሳቱን አውቀዋለሁ" አለች።

ከዚያ ብብቷንና ጠባሳውን እንዴት እንደምትዳስስ አሳያት፤ በጣት ጫፍ፣ እየዞሩ፣ ምንም ቦታ ሳይዘሉ። የሚጠጥር ነገር ካገኘሽ አንድ ቀን አትደሪ አላት። እኔም አየሁ።

መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው የነበረውን የቀረ ክኒን ለእሱ ጥላለት ወጣች። እሳቱ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ፣ ከመጀመሪያውም ባሰ። የእርዳታ ተራ ስትጠብቅ ፊቷ ሲቀላ አያለሁ፤ ቀሚሷን ከደረቷ ላይ ነጠል አድርጋ ትቆማለች። ለእኔ አንድም ቀን አሞኛል አላለችኝም። ቄሰ ገበዙ ወደ ወፍጮው መለሳት፣ የሚፈጨው እፍኝ ነበር። እኔ መደቡ ላይ መተኛት ጀመርሁ። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። መልሷ ነገ ቅዳሜ ነው የሚል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፈት አድርጋ ብርሃኑ ላይ ትቀመጥና ቀሚሷን ከትከሻዋ ታወርዳለች። ዳስስ ትለኛለች። ራሷ መዳሰስ ትችል ነበር፤ ጤና ረዳቱ ያሳየው እሷን ነው። እኔ እንድዳስስ የፈለገችው እኔ እንድናገር ነው። በጣቴ ጫፍ እየዞርሁ፣ ምንም ቦታ ሳልዘል፣ ከጠባሳው ጫፍ እስከ ብብቷ እሄዳለሁ። ቆዳዋ ቀጭን ነው፣ የጎድን አጥንቷን አንድ ባንድ እቆጥረዋለሁ። ስጨርስ የለም እላለሁ። የለም ትላለች፣ እንደሰማች ለማሳወቅ፣ ቀሚሷንም ትመልሳለች። ሌላ አንነጋገርም።

ዝናቡ ተመለሰ። የተረፍነው ዘር ተሰጠን። ሴቶቹም አንድ በአንድ ወደ ጽዱ ሥር መቆም ጀመሩ፤ ያቺ ጎረቤታችን በመጀመሪያው ቀን እያለቀሰች ነበር የቆመችው። ገብሱ ጥሩ ያዘ። ሰው እንደገና ይጣላ፣ ይካሰስ፣ ያገባ ጀመር። ሚስቴ ትንሽ ሥጋ ለበሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ መዳሰሱንና የለም መባባሉን ግን አልተውንም፤ እኔም ቃሉን በሩ ሳይከፈት አፌ ላይ አዘጋጅቼ መጠበቅ ለመድሁ።

የገብሱን አጨዳ ልንጀምር ባልንበት ሳምንት ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አጫጆች ከታች ማሳ ላይ ሲዘፍኑ ይሰማ ነበር። ማጭዴን አስቀምጬ ተንበረከክሁ። ጠባሳውን ጨረስሁ። ብብቷ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ምስር የምታህል ነገር ከጣቴ ሥር ሸሸችና ተመለሰች። አንድ ጊዜ አልፌአት ሄድሁና እንደገና መጣሁ። እዚያው ናት።

አፌ የለም ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

ጣቴ መቆሙን አውቃለች። አልጠየቀችኝም። ፊቷን ወደ ማሳው እንዳዞረች ጠበቀችኝ፣ አንገቷ ላይ እሳቱ ሲወጣ አየሁት።

"አለ" አልኋት።

"የት ጋ?"

እጇን ይዤ ጣቷን አስቀመጥሁበት። ብዙ ጊዜ እዚያው አቆየችው።